በስኒው አፍ ላይ የታየችው ትንሽ መብረቅ



ዛሬ ስለ ሚክሮጋል ልንጽፍ ነው። እንዳትስቁብን። ማኅበራዊ ሠራተኞች ሆነን ሳለ ስለ ዕቃ መጻፋችን ግራ ያጋባችሁ ይሆናል፤ ግን አንዳንዴ የሰው ክብር የሚወድቀውም የሚነሣውም በትንሽ ዕቃ ምክንያት ነው። ይህች ዕቃ ደግሞ በሁላችንም ወጥ ቤት አለች። የትናንት ወጥ ይሞቅባታል፣ ከፍሪዘር የወጣ እንጀራ ይለሰልስባታል፣ ቀዝቅዞ የተረሳ ቡናም ነፍስ ይዘራባታል።

እኛ በልጅነታችን መጥተን ዛሬ አርባዎቹን የያዝን ሰዎች ከሚክሮጋል ጋር የተዋወቅነው በየመርካዝ ክሊታውና በየካራቫኑ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ፣ ብዙዎቻችን በእናታችን ቀሚስ ላይ የተንጠለጠልን ልጆች ነበርን። ከዚያ በኋላ ዓለም ተገለባበጠ። ቋንቋውን ቀድመን የያዝነው እኛ ስለ ሆንን፣ ደብዳቤ የምናነበው እኛ፣ ኩፓት ሆሊም የምናስተረጉመው እኛ፣ የዕቃውን ቁልፍ የምንጫነው እኛ ሆንን። ለእናቶቻችን «ብረት እንዳታስገቡበት» እያልን እናስጠነቅቅ ነበር። «ለምን?» ሲሉን «ይፈነዳል» እንላለን። ከዚያ የበለጠ ማንም አልነገረንም።

ታዲያ ይህ «ለምን?» ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሥራችን በኩል ተመልሶ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማቸውን፣ ከተማቸውን፣ የሚያስታውቃቸውንም ነገር ሁሉ ትተን፣ በራሳቸው ፈቃድ እንጻፈው። እማማ እንበላቸው። ሰማንያን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው በየከተማው የተበተኑባቸው እናት ናቸው። ቤት ውስጥ የምታግዛቸው መታፔሌት እንድትፈቀድላቸው ግምገማ ያስፈልግ ነበርና አንዲት ገምጋሚ መጣች። አስተርጓሚ አልተገኘም፤ የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ተረጎመ።

ስለ ወጥ ቤት ሥራቸው ሲጠየቁ እማማ እንዲህ አሉ፦ «ሚክሮጋሉን ተውኩት። ቡናዬን ላሞቅ ብዬ ስኒው ላይ መብረቅ ወረደ። ሰማያዊ ነው። እንደ ንብ ጮኸ። መብረቅ የመታው ቦታ እንደሚሸተው ሸተተኝ።»

ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ የአማርኛ አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ተረጎመ። በዕብራይስጥ የወጣው ግን ይህ ነበር፦ አያቴ ወጥ ቤት ውስጥ መብረቅ ታያለች፣ ድምፅ ትሰማለች፣ ሽታም ይሸታታል። እስኪ ራሳችሁን በገምጋሚዋ ቦታ አስቀምጡ። የሌለ ማየት፣ የሌለ መስማት፣ የሌለ ማሽተት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ከወረቀቱ በኋላ ወሬው በልጆቻቸው መካከል ዞረ፤ «እማዬ አእምሮዋ እየደከመ ነው፣ ብቻዋን መተው የለባትም» ተባለ፤ የቤት አቮት ስም መጠራት ጀመረ። በአንድ ስኒ ቡና የተነሣ ሰው ከቤቱ ሊወጣ ነው ማለት ነው።

እኛ ሁለት ሆነን ሄድን። ቡና ተፈላልን፣ ጠጣን። ከዚያ «እማማ፣ አንቱ ያዩትን ነገር እኛም እንድናይ ያችን ስኒ ያሳዩን» አልናቸው። ተነሡ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሁላችንም ቤት ያለው ዓይነት ነጭ ስኒ ነው፤ አፉ ዙሪያውን በቀጭን የወርቅ መስመር የተከበበ። መስመሩ በአንድ በኩል ተፍቆ ተቋርጧል። በተቋረጠበት ቦታ፣ ግራና ቀኙ፣ በመርፌ ጫፍ የተቃጠሉ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ወርቁ እዚያ ላይ ቀልጦ ጠፍቷል።

«ያልጣልኩት ለዚህ ነው» አሉ እማማ። «ማንም አላመነኝም እንጂ እኔስ አይቻለሁ።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። እማማ በአገራችን ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። «የሸክላ እሳት አውቃለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ቀይ ነው፤ ሲበረታ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ይኼኛው ግን የማገዶ እሳት አይደለም። ትንሽ መብረቅ ነው።»

ወገኖች፣ ትክክል ነበሩ። አንዲት ፊደል ሳትጎድል ትክክል። እንዴት እንደ ሆነ እንንገራችሁ።

እማማ ያዩት ነገር ስም አለው፤ ፕላዝማ ይባላል። በደም ምርመራ ከምንሰማው ፕላዝማ ጋር ስሙ ይመሳሰል እንጂ ዘመድ አይደለም። ስሙን በ1928 ለዚህ ነገር የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙየር ነው። በረዶ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። ጋዝ ደግሞ ብርቱ ጉልበት ሲያገኝ፣ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይለቃሉ፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና የሚያበራ ጋዝ ይሆናል። ፕላዝማ ይህ ነው። ፀሐይ ፕላዝማ ናት። ረጅሙ የቢሮ አምፖል ውስጥ ያለው ብርሃን የሚነሣው ከፕላዝማ ነው። መብረቅም ፕላዝማ ነው። በሰማይ የምናየው ትልቁ፣ በስኒው ላይ የታየው ትንሹ፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቋንቋችን ራሱ ያውቀዋል። በዕብራይስጥ «ባራክ»፣ በአማርኛ «መብረቅ»፤ ሥሩ አንድ ነው። «ሐሽማል» የሚለው የዕብራይስጥ ቃልም ዛሬ ኤሌክትሪክ ማለት ይሁን እንጂ የተወሰደው ከትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ነው፤ ነቢዩ በእሳቱ መካከል ያየውን የሚያበራ ነገር የጠራበት ቃል ነው። ያየውን የሚገልጽ ቃል ፍለጋ የተቸገረ ሰው በታሪክ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። በሚክሮጋል ውስጥ እሳት የለም። ማግኔትሮን የሚባል ክፍል አለው፤ እሱ ሞገድ ይረጫል። ስሙም ይናገራል፤ በዕብራይስጥ «ጋል» ማለት ሞገድ ነው። የቤት ሚክሮጋል ሞገድ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይመላለሳል፤ ርዝመቱ 12 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በምግብ ውስጥ ያለውን ውሃ እያገላበጠ ያሞቀዋል። የበሩ መስታወት ላይ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ወንፊት ሞገዱን የሚያስቀረው ለዚህ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከ12 ሳንቲሜትር አንጻር እጅግ ትንንሽ ናቸው። ብርሃን ግን ሞገዱ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ያልፋል፤ ስለዚህ እናያለን እንጂ አንቃጠልም።

ብረት ሲገባ ምን ይሆናል? ወርቅ፣ አሉሚንየም፣ ሹካ፣ የዳቦ ከረጢት የሚታሰርበት ሽቦ፣ ሁሉም በውስጣቸው እንደ ልብ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች አሏቸው። ሞገዱ ሲመጣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። መስመሩ ሙሉ ከሆነ ዙሪያውን ይሮጣሉ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ፤ በአንዱ ዳር ይከማቻሉ፤ በሌላው ዳር ይጎድላሉ። በዚያች ጠባብ ክፍተት መካከል የኤሌክትሪኩ ግፊት ይበረታል።

አየር በተፈጥሮው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ትዕግሥቱ ግን ወሰን አለው። በምንተነፍሰው ተራ አየር ውስጥ በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ያህል ሲደርስ አየሩ ይሸነፋል። ክፍተቷ እንደ ፀጉር የቀጠነች ከሆነች ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቮልት ይበቃታል።

እንዴት እንደሚሸነፍ ለማየት የስሜን ተራራን ገደል አስቡ። ናዳ የሚጀምረው ከአንዲት ጠጠር ነው። በአየር ውስጥም ምንጊዜም ጥቂት የተለቀቁ ኤሌክትሮኖች አይጠፉም፤ ከሕዋ የሚመጣው ጨረርና ከአፈር የሚወጣው ትንሽ ጨረር ይፈታቸዋል። አንዷን ኤሌክትሮን መስኩ ይገፋታል፤ ከአየሩ ሞለኪውል ጋር ትጋጫለች፤ ሌላ ኤሌክትሮን ታስለቅቃለች። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ባለንበት አየር አንዲት ኤሌክትሮን በሴኮንድ ከአንድ ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ትጋጫለችና ናዳው ዓይን እስኪርገበገብ አይጠብቅም። ሞገዱ ደግሞ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋውጥ ኤሌክትሮኖቹ ዳር ደርሰው ከማለቃቸው በፊት ወደ መሐል ይመልሳቸዋል። ያን ጊዜ በክፍተቷ ውስጥ ብርሃን ይወለዳል።

አሁን የእማማን ሦስት «ምልክቶች» አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሰማያዊ ነው» አሉ። አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን በፕላዝማ ውስጥ ሲያበራ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሆናል። ጨው የነካው ቦታ ቢሆን ኖሮ ሶዲየሙ ቢጫ ባደረገው ነበር።

«እንደ ንብ ጮኸ» አሉ። የብዙ ቤት ሚክሮጋል ሞገዱን በተከታታይ አይረጭም፤ የአገሩን ኤሌክትሪክ ተከትሎ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ፕላዝማውም አብሮ ይበራል፣ ይጠፋል፤ አየሩን እየገፋ ይለቀዋል። ጆሯችን ያን የሚሰማው እንደ ንብ ድምፅ ነው።

«መብረቅ የመታው ቦታ ሸተተኝ» አሉ። ፕላዝማው የአየሩን ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሲሰባብር ኦዞንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። ከመብረቅ በኋላ የሚሸተውም ይኸው ነው። ኦዞን የሚለው ስም ራሱ በግሪክ «መሽተት» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ በ1840 ስሙን ያወጣለት የኬሚስትሪ ሊቅ ሾንባይን በሽታው አውቆት ነው። እሱ ያንን ሽታ አሽትቶ አዲስ ነገር አገኘ ተባለ። እማማ ደግሞ ያንኑ ሽታ አሽትተው አእምሯቸው ደከመ ተባለ።

የወርቁ መቅለጥስ? ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የሸክላ ማገዶ እሳት ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። በአየር ውስጥ ያለች እንዲህ ያለች ፕላዝማ ግን፣ የሩዝ ፍሬ ብታክልም፣ ሙቀቷ ብዙ ሺህ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። «የማገዶ እሳት አይደለም» ያሉትም ልክ ነው።

ከሁሉ ያስገረመን ደግሞ ይህ ነው። በአሜሪካ በኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ፌሊፔ ኢዛና ጄፍሪ ሆፕዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ትንሽ ፕላዝማ በጥቂት ዋት ብቻ የሚፈጥር መሣሪያ አሳዩ። የቤት ሚክሮጋል 700፣ 800፣ 1,000 ዋት ይረጫል፤ የእነሱ ጥቂት ዋት ይበቃዋል። መሣሪያው ምን ይመስላል መሰላችሁ? የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በአንድ ቦታ ተቆርጦ ጠባብ ክፍተት አለው። ሞገዱ ቀለበቱን ይዞ ይሮጣል፤ በክፍተቷ ላይ ይበረታል፤ ፕላዝማው እዚያ ይወለዳል። አፉ በወርቅ ቀለበት የተከበበ፣ ቀለበቱም በአንድ በኩል የተፋቀ ስኒ ማለት ነው! በእርግጥ የእነሱ ልኩ ተጠንቶ የተሠራ ነው፤ የእማማ ስኒ ግን በዕድሜ ብዛት የተፋቀ ነው። ቅርጹ ግን ያው ቅርጽ፣ ምክንያቱም ያው ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ትንሽ ፕላዝማ ሰዎች የሚለፉበት ያለ ነገር አይደለም። ቁስል ላይ ያለ ጀርም ለመግደል፣ የዕቃ ገጽ ለማጽዳት፣ በውሃ ወይም በአፈር ናሙና ውስጥ ምን ማዕድን እንዳለ ለመለየት ፕላዝማ ይጠቅማል። አስቸጋሪው ያለ ጋን፣ ያለ ፓምፕ፣ እንዲሁ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ማቆየቱ ነው። አርጎን በሚባለው ጋዝ ውስጥ ይቀላል። በአየር ውስጥ ግን ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ይይዝባችኋል፤ ናይትሮጅኑም ጉልበታቸውን ወስዶ በመንቀጥቀጥ ያባክነዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መመገብ ይፈልጋል፤ ምግቡ ሲቋረጥ በቅጽበት ይጠፋል። እማማ በሩን ሲከፍቱ ምንም ያላገኙት ለዚህ ነው። ለማን ያሳዩ? ማስረጃው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው።

እዚሁ አገራችንም የተሠራ ሥራ አለ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ጀርቢና ቭላድሚር ዲኽትያር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የሚክሮጋል መሰርሰሪያ አወጡ፤ ሞገዱን በአንዲት ነጥብ ላይ አሰባስቦ ሲሚንቶንና ሸክላን ያለ ጩኸትና ያለ አቧራ የሚበሳ ነው። ብልሃቱ ይህ ነው፤ የሞቀው ነጥብ ከቀዝቃዛው ይልቅ ሞገድ ይውጣል፤ ስለዋጠ ይበልጥ ይሞቃል፤ እስኪቀልጥ ድረስ። በ2006 ደግሞ ሁለቱ የቀለጠውን ነጥብ በዘንግ ጎትተው ወደ አየር ሲያወጡት የእሳት ኳስ ተለይቶ እንደሚወጣና በሣጥኑ ውስጥ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ አሳዩ። ትኩስ ጋዝ ቀላል ስለ ሆነ ነው የሚንሳፈፈው። በማዕበል ጊዜ ስለሚንከባለል የእሳት ኳስ ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ የሰማን አለን፤ የዚያ ነገር ምንነት እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል። ሩሲያዊው ፒዮትር ካፒትሳ፣ በኋላ በ1978 ኖቤል ያገኘው፣ በ1955 እንዲህ ያለውን ኳስ የሚመግበው የሬዲዮ ሞገድ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አያችሁ፣ «ተረት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ለኖቤል ሰው የሚገባ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

ወጣቶቻችሁ ደግሞ ወይን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ሚክሮጋል ውስጥ ሲያነዱ በቪዲዮ አይተው ይሆናል። እሱም ተጠንቷል። በ2019 በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አወጡ፤ ሞገዱ በውሃ ውስጥ ሲገባ እጅግ ስለሚያጥር የወይን ፍሬ መጠን ይገጥመዋል፤ ሁለት ፍሬ ሲነካካ ሞገዱ በመገናኛው ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ከፍሬው የሚወጣው ሶዲየምና ፖታሲየም ፕላዝማውን ያስነሣል። ልጆች ግን እንዲሞክሩት አትፍቀዱ፤ ዕቃው ይበላሻል፣ ቤትም ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ዕቃው አመጣጥም ጥቂት እንበል። ማግኔትሮን ዛሬ ባለው መልኩ በ1940 በእንግሊዝ በበርሚንግሃም በራንዳልና በቡት ለጦርነት ራዳር ተሠራ። በ1945 በአሜሪካ ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ ሰው ከማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ። ሌላው ሰው ቢሆን ልብሱን ጠራርጎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን «ለምን?» አለ። ስፔንሰር አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበት፣ በዘመድ ያደገ፣ ገና ልጅ ሳለ ትምህርት አቋርጦ ፋብሪካ የገባ ሰው ነበር። በዛሬው ፎርም ቢሞላ ኖሮ «ትምህርት፦ አላጠናቀቀም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሚክሮጋልን ያገኘው ግን እሱ ነው። ወደ ገበያ በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ሚክሮጋል የሰው ቁመት ነበረው፤ ክብደቱም 340 ኪሎ ያህል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ራሳችን እናውራ። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እሳትን ማወቅ እንጀራችን ነበር። ቀጥቃጩ ብረቱ የሚበቃበትን ሰዓት በቀለሙ ይለይ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱ መብሰሉን በድምፁ ታውቅ ነበር። ይህን ዕውቀት ጎረቤት ይፈልገዋል፤ ማረሻውን ያሠራል፣ ገንቦውን ይገዛል። ዞር ሲል ግን «ቡዳ» ይለናል፤ «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይለናል። እሳትን የምታውቅ ሴት የምትፈራ ሴት ነበረች። ባሕር ተሻግራ በመጣችበት አገር ደግሞ እሳትን የምታውቅ ሴት ያየችውን ብትናገር «አእምሮዋ ደክሟል» ተባለ። ያኛው ዘመንና ይኼኛው ዘመን አይተካከሉም፤ ገምጋሚዋም ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እስኪ ያየሽውን አሳዪኝ።»

መጨረሻው ምን ሆነ ለምትሉ፦ ስኒውን ፎቶ አንሥተን፣ ከላይ የጻፍነውን በአጭሩ በዕብራይስጥ አስረድተን፣ አማርኛ የሚችል ገምጋሚ እንዲላክ ደብዳቤ ጻፍን። ሰው ተላከ። የሌለ ነገር ያያሉ የሚለው መስመር ከወረቀቱ ወጣ። የቤት አቮቱ ወሬ ቆመ። የመታፔሌቷ ሰዓት ግን ይህን ስንጽፍ ገና አልተወሰነም። እውነቱን ለመናገር እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የመድኃኒት ሰዓትም አንዳንዴ ይረሳሉ፤ እርዳታው ያስፈልጋቸዋል። እርዳታው የሚያስፈልጋቸው ግን ለጉልበታቸውና ለመድኃኒታቸው ነው፤ ዓይናቸው ላየው መብረቅ አይደለም።

ደግሞ እንዳታጠፉብን፦ ሽማግሌ የሚናገረው እንግዳ ነገር ሁሉ ፕላዝማ ነው አላልንም። የመርሳት በሽታ በማኅበረሰባችንም አለ፤ ተደብቆ የሚጎዳቸውም ብዙ ናቸው። ምልክቱን ስታዩ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ አፍራችሁ አትቀመጡ። እኛ የምንለው ከበሽታው ስም በፊት ስኒውን ማየት ይቅደም ነው።

እንግዲህ ለየቤታችሁ የሚሆን ጥቂት ነገር እንተውላችሁ።

ስለ ዕቃው፦

የወርቅ ወይም የብር መስመር ያለው ስኒና ሳህን ሚክሮጋል ውስጥ አታስገቡ። የበዓል ስኒ ለረከቦት ነው። ፎይል፣ ሹካ፣ የከረጢት ሽቦም እንዲሁ።

በውስጥ በኩል፣ ብዙ ጊዜ በቀኙ ግድግዳ ላይ፣ ካርቶን የምትመስል ግራጫ ወይም ቡናማ ሰሌዳ አለች። ቆሻሻ መስላችሁ አትንቀሏት፤ ሞገዱ የሚገባበትን በር የምትሸፍን ናት። ቅባት ሲረጭባት ግን ትቃጠላለች፣ ብልጭታም ታስነሣለች፤ ስለዚህ ዕቃው ከመሶኬቱ ተነቅሎ ጥረጓት። ከጠቆረች ትቀየር፤ ርካሽ ናት።

ብልጭታ ካያችሁ ወዲያው አጥፉትና ንቀሉት። ውስጡ እሳት ከተያያዘ በሩን አትክፈቱ፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል።

የዕቃውን የኋላ ሽፋን ፈጽሞ አትፍቱ፤ ጎበዝ ነኝ የሚል ጎረቤትም እንዳይፈታው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ዕቃው ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለባለሙያ ተዉት።

ስለ ግምገማ፦

ልጅ አያቱን አያስተርጉም። ይህ ለልጁም ሸክም ነው፤ እኛ ያን ሸክም ተሸክመን ያደግን እናውቀዋለን። አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚችል ሰው እንዲመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ ቃል በቃል። «ታያለች፣ ትሰማለች» ብሎ ከማጠቃለል «ቡና ስታሞቅ ስኒው ላይ አየች» ማለት ሌላ ነገር ነው። መቼ፣ የት፣ በምን ዕቃ ላይ የሚለው አይቅር።

የወረቀቱን ግልባጭ ጠይቁና አማርኛም ዕብራይስጥም በሚገባ በሚያውቅ ሰው አስነብቡ። የተሳሳተ ነገር ካለ በጽሑፍ ይታረም። ጊዜ ካለፈ ማረም ይከብዳል።

በየቤቱ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ለወላጆቻችሁ ስትደውሉ ይህን አንብቡላቸው። ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው እንጂ መረዳት የማይችሉ አይደሉም። ምናልባት «እኔም እኮ አንድ ቀን አይቼ ነበር፣ ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ» የሚሉ ይኖራሉ። ከነገሯችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ስም ሳትጠቅሱ።

ቸር ያሰማን፤ ደኅና ሰንብቱ።